ቆስጣ በአምፖል ያድጋል ወይ? ክረምቱን ሙሉ የዘለቀ ክርክር

የጎጃም ልጆች ስለ ጓሮ አትክልት በምንጨዋወትበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚከተሉት መልሶች) የሚረዝመው ብዙ ጊዜ በማዳበሪያ ዋጋ ነው። ዘንድሮ ግን ያስረዘመው አምፖል ሆነ። ዘግይቶ ለደረሰ አንባቢ እንዲቀል መልሶቹን በቁጥራቸው እያነሣሁ በራሴ አባባል አስቀምጣለሁ። ስድብ ያለበትን ዘልያለሁ። አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

የመነሻው ጽሑፍ

ጠያቂው ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖረው። ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለቆስጣና ለሰላጣ ችግኝ አዋላት። ሐሳቡ ክረምቱን በረዶና ጎርፍ ሳይነካው ችግኝ አፍልቶ መስከረም ሲጠባ ወደ መደብ ማዛወር ነው። ጣሪያው ላይ ባለ 9 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ተሰቅሏል። ዘሩ በደንብ በቀለ። ግን ሳምንት ሳይቆይ ችግኙ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ወደ መስኮቱ ተጋደመ። ሱቅ ሄዶ ሲያማክር ሻጩ ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጠውን የአትክልት መብራት ካልገዛ እንደማይሆንለት ነገረው። ዋጋው ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ጥያቄው ሁለት ነው። የትኛው ቀለም ይሻላል? ሌሊቱንም ጨምሮ 24 ሰዓት ቢበራ ቶሎ ያድጋል ወይ?

መልስ 1

ከቢቸና አንድ አባት ናቸው። ሰላምታና ምርቃት አስቀደሙ። ከዚያ በለዘበ ቃል፣ ፀሐይ በሞላበት አገር ተቀምጦ ለጎመን አምፖል መግዛት እንዳልገባቸው ገለጹ። ችግኙን ወደ በረንዳ እንዲያወጣው መከሩት። ክሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ግማሹ ጥያቄ ተመልሶ ነበር።

መልስ 2

ባሕር ዳር ያለ ወጣት ነው። ከሻጩ ጎን ቆመ። ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚመልስ ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅሙት ቀይና ሰማያዊ ብቻ ናቸው፤ የሁለቱ ድብልቅ ደግሞ ወይን ጠጅ ነው የሚል ነው ክርክሩ። ማስረጃው የጠፈር ሰላጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች እዚያው በኤልኢዲ ያበቀሉትን ቀይ ሰላጣ በልተዋል። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ኋላ ላይ ጣጣ አመጣበት።

መልስ 3

የፍኖተ ሰላሙ ሰው ትዕግሥት የለውም። መብራት ውሎ በማያድርበት ከተማ ስለ ሰላጣ መብራት ማውራት ቅንጦት ነው አለ። እኛ ጠፈር ላይ እንዳልሆንንም ለባሕር ዳሩ ልጅ አስታወሰው። መጨረሻ ላይ በሁለት ስንኝ ወጋ አድርጎት አለፈ። ጎጃም ውስጥ ክርክር ያለ ስንኝ አይሞቅም፤ ይኸኛው ግን ጠያቂውን ሳይሆን መብራት ኃይልን ነበር የሚነካው።

መልስ 4

ከክሩ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ጸሐፊዋ እንጅባራ አካባቢ ለዘር የሚሆን ድንች የሚያመርቱ እናት ናቸው። ስለ ቀለም አንድ ቃል አልተነፈሱም። የነገሩን ስለ ድንች ነው። የዘር ድንች ጨለማ ቤት ሲከማች ጉንቁሉ ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ይሆናል። ግድግዳው በርብራብ ተሠርቶ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው ብርሃን የሚገባበት ማከማቻ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ድንቹም ያው፣ ዘሩም ያው ነው፤ የተለየው ብርሃኑ ነው። እንግዲህ የማርቆሱ ቆስጣም አልታመመም፤ ብርሃን አንሶት እየፈለገ ነው የረዘመው ብለው ደመደሙ። ስለ መድኃኒት ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ የነበረ ሌላ አባል ከዚህ በኋላ ዝም አለ።

መልስ 5

የዕፅዋት ሳይንስ ያጠና፣ አሁን ደጀን የሚሠራ ልጅ ነው። የእንጅባራዋን እናት አመስግኖ ጀመረ። ከዚያ ቁጥር አመጣ። ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ ልውሰደው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነውና።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆንና ሰማዩ ጥርት ሲል ውጭ ያለው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል። በሐምሌ ደመና ቀኑ ሲጨልም እንኳ ብዙውን ጊዜ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ግን አምሳ ሉክስ ቢሆን ነው። ዓይናችን ጨለማን ቶሎ ስለሚለምድ ክፍሏ የበራች ይመስለናል። ቅጠሉ ግን ረሃብ ላይ ነው። በአምፖሉና በችግኙ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሁለት ሜትር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 100 እጥፍ ነው። ስለዚህ ልጁ ያለው፣ ሌላ አምፖል ከመግዛት በፊት ያለውን በገመድ ማውረድ ይቀድማል። ኤልኢዲ ብዙ ስለማይሞቅ ቢቀርብ ቅጠል አይለበልብም። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ግን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ስለሚያወጣው በዚያ ርቀት ችግኙን ያደርቀዋል።

መልስ 6

የባሕር ዳሩ ወጣት ተመለሰ፤ ትንሽ ተቆጥቷል። ርቀት ሁሉም የሚያውቀው ነገር እንደሆነ፣ የእሱ ነጥብ ግን ቀለም እንደነበር ጻፈ። አክሎም ሁለት መብራቶችን በሉመን፣ ማለትም አምፖል በሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ፣ አወዳደረ። ወይን ጠጁ መብራት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሉመን ከነጩ ያነሰ ሆኖ ችግኝ ማሳደጉ የቀለሙን ብልጫ ያሳያል ባይ ነው።

መልስ 7

የደጀኑ ልጅ ይህንንም ሳይቆጣ መለሰ፤ እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። ሉመንም ሉክስም የተቀመሩት ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን አረንጓዴና ቢጫን አጉልቶ ያያል፤ ቀይና ሰማያዊን አሳንሶ ያያል። ስለዚህ የወይን ጠጅ መብራት ሉመን ማነሱ ስለ ተክሉ ምንም አይነግረንም። የመስኩ ሰዎች የሚለኩት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር የሆነውን፣ ቅጠል የሚጠቀምበትን ብርሃን ነው፤ መለኪያውም በካሬ ሜትር በሰከንድ የሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት ነው፤ በማይክሮሞል ይቆጠራል።

አረንጓዴ ብክነት ነው የሚለውንም ነካው። ማክሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 የብዙ ሰብሎችን ቅጠል በየቀለሙ እየለካ ባወጣው ጥናት አረንጓዴውም ቅጠሉን እንደሚያሠራው ታይቷል። ቅጠል የሚመልሰው ከአረንጓዴው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛውን ይውጠዋል። እንዲያውም ቀይና ሰማያዊ ከላይ ሲቀሩ አረንጓዴው ወደ ቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ ይገባል። የጠፈር ጣቢያው ሳጥንም ከቀይና ከሰማያዊ ሌላ አረንጓዴ መብራት ነበረው። የባሕር ዳሩ ልጅ ማስረጃ እዚህ ላይ ዞሮ ራሱን መታው።

ቀለም ለውጥ አያመጣም ግን አላለም። ሰማያዊ ሲኖር ተክሉ አጠር፣ ቅጠሉ ወፈር ይላል። ቀይ ብቻ ሲሆን ይሳባል። ከቀይ ማዶ ያለው፣ ዓይናችን እምብዛም የማያየው ብርሃን ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ሌላ ተክል የጋረደው መስሎት ሽቅብ ይሮጣል። ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊም አረንጓዴም ቀይም ስላለው ለችግኝ ይበቃል። ወይን ጠጅ ላይ አንድ ችግር ጨመረበት፤ በዚያ ብርሃን ሥር ቅጠል ቢገረጣም ነጠብጣብ ቢያወጣም ሰው አይለየውም። በሽታውን የምታየው ከረፈደ ነው።

መልስ 8

ባሕር ዳር አቅራቢያ አበባ እርሻ ውስጥ የሠራች እህት ናት። እነሱ ጋ መብራት ሌሊት ይበራ እንደነበር ጻፈች። የሚበራው ጂፕሶፊላ ለተባለችው፣ እቅፍ አበባ መካከል ለምትሰካው ነጭ ደቃቅ አበባ ነው። መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ተክል አያጠግብም። ሥራው ሌላ ነው። ጂፕሶፊላ ቀኑ ረዘመ ብላ ካላሰበች አበባ አታወጣም። የኛ አገር ቀን ደግሞ ከበጋ እስከ ክረምት 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ረጅሙ 12 ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን በመብራት ያሳጥሩታል።

የክሩ ቁልፍ እዚህ ነው ባይ ነኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ብርሃንን እንደ ምግብ ብቻ ነበር የሚያየው። ይህች እህት ሁለተኛውን ሥራ አመጣች፤ ብርሃን ለተክል ሰዓትም ነው። ምግብነቱ ብዙ ብርሃን ይጠይቃል፤ ሰዓትነቱ ግን በጣም ጥቂት ይበቃዋል። የማርቆሱ ሰው አምፖል ጣሪያ ላይ ሆኖ ችግኙን ሳይመግብ ሰዓቱን ግን ሊያዛባው ይችላል። ቀለም እያሉ የሚከራከሩት ሰዎች ይህን ልብ ያሉት አልመሰለኝም።

መልስ 9

የሞጣ መምህር ናቸው። ትምህርት ቤታቸው አጥር ላይ ሌሊቱን የሚበራ ትልቅ መብራት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለው የገበሬ ኑግ መስከረም አልፎ እርሻው ሁሉ ቢጫ ሲሆን መብራቱ የሚያርፍበት ክብ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ገበሬው መሬቱ ተለክፏል ብሎ ጠበል ሊያስረጭ ነበር አሉ።

መልስ 10

የፍኖተ ሰላሙ ሰው ነው፤ አሁንም ስለታም ነው። ከአጥር ሥር ሽንትና ፍግ ስለሚበዛ አረንጓዴ መሆኑ አያስገርምም፤ መምህር ሆነው ይህን መሳታቸው ነው የሚያሳዝነው አለ። አንቱታውን አልተወም፤ ግን ሲወጋ አንቱታ አያግደውም።

መልስ 11

አበባ እርሻ የሠራችው እህት ለመምህሩ ቆመችላቸው። ኑግ አጭር ቀን የሚፈልግ ሰብል ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ነው የሚያብበው። መብራት ሌሊቱን ከቆረጠበት አበባው መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በትምባሆና በአኩሪ አተር ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1920 አሳትመውታል። የፍግ ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ ልምላሜው አጥሩን ተከትሎ ይዘረጋ ነበር እንጂ የመብራቱን ክብ አይይዝም ብላ ዘጋችው። የፍኖተ ሰላሙ ሰው አልመለሰም።

መልስ 12

እዚህ ላይ አንዱ ወደ ቅጠላ ቅጠል መለሰን። 24 ሰዓት ማብራት ለሰላጣና ለስፒናች አይበጅም። ሁለቱም ቀን ሲረዝም ወደ ዘር የሚያዘነብሉ ናቸው፤ ስፒናች በተለይ ከ14 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ቶሎ ዘንግ ያወጣል። ሰላጣ ላይ ሙቀት ከተጨመረበት ነገሩ ይብሳል፤ ዘንግ ያወጣ ሰላጣ ደግሞ ይመርራል። ቆስጣ ግን ስፒናች አይደለም። የቀይ ሥር ወገን ነው። ዘንግ ለማውጣት በቅድሚያ የቅዝቃዜ ወራት ማሳለፍ ይፈልጋል። ስለዚህ በመብራት ብቻ አይሸወድም። ቲማቲም ጎን ለጎን ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ ያለ ጨለማ የሚያድር ቲማቲም ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፣ ይጎዳል።

መልስ 13፣ 14 እና 15

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ማጀት ገባ። 13ኛዋ ደብረ ማርቆስ ያለች ነርስ ናት። ብርሃን ሲያንስ ቅጠላ ቅጠል ናይትሬት የተባለውን፣ ሲበዛ ለጤና የሚያሰጋ ንጥረ ነገር ያጠራቅማል አለች። ከአፈር የሳበውን ናይትሬት ወደ ፕሮቲን ለመቀየር ብርሃን ያስፈልገዋልና። የአውሮፓ ኅብረት በመስታወትና በፕላስቲክ ቤት ለሚያድግ ሰላጣ ያወጣው ጣሪያ በክረምታቸው በኪሎ 5,000 ሚሊ ግራም፣ በበጋቸው 4,000 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በእነሱ ክረምት ብርሃን ያንሳልና።

14ኛው ደነገጠ። የሚሸጠው ጎመን መርዝ ነው ወይ ብሎ በትልልቅ ምልክቶች ጠየቀ። ነርሷ አረጋጋችው። ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃን ጠግቦ ከዋለ በኋላ የተቆረጠ ቅጠል ናይትሬቱ ይቀንሳል። ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋም እንዲሁ። ለጨቅላ ሕፃን ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ይበልጥ ይጠንቀቅ።

15ኛዋ ከዳንግላ ናት። ውሃ ይደፋ የሚለው አስቆጣት። የጎመን ውሃ መድፋት ጎመኑን መድፋት ነው አለች። ወዲያው አምስት ስድስት ሰው ተረባረበባት፤ አንዱ ጎመን በጤና ብሎ ተረተባት። ለጾም በዘይት ይሻላል ወይስ ያለ ዘይት እስከሚለው ሄዱ። ይህን ሁሉ አላመጣውም።

መልስ 16

ከቡሬ አንድ ነጋዴ ስሌት ይዞ መጣ። ሰላጣ ሙሉ በሙሉ በመብራት ለማሳደግ በቀን በካሬ ሜትር ከ12 እስከ 17 ሞል ብርሃን ይመከራል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ማይክሮሞል የሚያሳርፍ መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ 11.5 ሞል ይሆናል፤ ዝቅተኛው ላይ ለጥቂት አይደርስም። ጥሩ የሚባል የአትክልት ኤልኢዲ ለአንድ ዋት በሰከንድ 2.5 ማይክሮሞል ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 80 ዋት ያስፈልጋል። በ16 ሰዓት 1.28 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በወር ወደ 38። ይህን ከአንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ ዋጋ ጋር አስተያዩት፣ ቆጣሪያችሁን አስታውሱ ብሎ ተወው።

ከታች አንዱ ታዲያ በሶላር ቢሆንስ አለ። ነጋዴው ሳቀበት። ፓኔሉ ከሚያርፍበት ፀሐይ አንድ አምስተኛ ገደማውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ኤልኢዲው የዚያን ግማሽ ገደማ ብርሃን ያደርገዋል። ከመቶ ፀሐይ አሥር ይዞ ለመግባት ይህ ሁሉ ወጪ! ችግኙን በር አውጥቶ ማስቀመጥ ነጻ ነው። የቢቸናው አባት ይህን ሲያነቡ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ አንድ የሳቅ ምልክት ብቻ አስቀምጠዋል።

መልስ 17

መራዊ፣ ቆጋ መስኖ አካባቢ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ሰው ነው። ልምዱ ረጅም ነው፤ አጻጻፉ ደረቅ። በክረምት ውጭ የሚጎድለው ብርሃን አይደለም ይላል። ችግኝ የሚጨርሰው ዝናቡ የሚረጨው ጭቃ፣ በረዶውና ከግንዱ ሥር አበስብሶ የሚጥለው በሽታ ነው። ብርሃን ያነሰበት፣ ተጠጋግቶ የተዘራና ውሃ የበዛበት ችግኝ ለዚህ በሽታ የመጀመሪያ ተሸናፊ ነው። መፍትሔው ክፍል ውስጥ መግባት ሳይሆን ከላይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዘርግቶ ጎኑን ክፍት መተው ነው። ፕላስቲኩ ሲቆሽሽና አልጌ ሲይዝ ብርሃን ስለሚቀማ መታጠብ አለበት። አብዛኛው ሰው አያጥበውም።

ሌላም ጨመረ። ክፍል ውስጥ ያደገ ችግኝ በአንዴ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን እያደረጉ ማለማመድ ያስፈልጋል። ቀይ ሰላጣ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ሆኖብኛል የሚል ሰውም አይጨነቅ፤ ቅላቱን የሚያወጣው ጠንካራው ብርሃን ነው፤ ውጭ ሲከርም ይመጣል።

መልስ 18

ጠያቂው ተመለሰ። ወይን ጠጁን አልገዛም። አምፖሉን በገመድ ወደ ችግኙ አወረደው። ሁለተኛ እንደሱ ያለ አምፖል ጎኑ ላይ አንጠለጠለ። ዙሪያውን በነጭ ካርቶን ከለለው። ቀን ቀን ትሪዎቹን በረንዳ ላይ ያወጣቸዋል፤ መብራቱን የሚያበራው ማለዳና አመሻሽ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሊት ያጠፋዋል። መብራት ሲሄድም እንደ በፊቱ አይደነግጥም። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ጥሏቸዋል፤ የረዘመ ግንድ ተመልሶ አያጥርምና። ሁለተኛው ዙር አጠር፣ ወፈር ብሎ ሁለተኛ ቅጠሉን አውጥቷል። ሰላጣው ከቆስጣው ይልቅ አስቸግሮታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጻፈም። የባሕር ዳሩ ወጣት እንኳን ደስ አለህ ብሎታል። የደጀኑ ልጅ ፎቶ ጠይቆ ተልኮለታል።

መልስ 19

እዚህ ይበቃል ብለን ስናስብ ከአማኑኤል አንዲት እህት ብቅ አለች። ብርሃን ሰዓት ከሆነ ታዲያ ክረምት ላይ እንቁላል ያቆሙባትን ዶሮዎቿንስ መብራት ያስጥላቸዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ቀኑን በመብራት ወደ 14 እና 16 ሰዓት የሚያስረዝሙት ለዚሁ ነው። የፍኖተ ሰላሙ ሰው ግን እንዳየው ነደደ። ይህ የአትክልት መድረክ ነው ብሎ አስተዳዳሪውን ጠራ። አስተዳዳሪውም ለዶሮው ሌላ ክር ከፈተለት፤ አሁን ከዚህኛው የሚበልጥ ሰው ያለው እዚያ ነው።